ስለ እኔ ይጽፋል፣ ለእኔ ግን አይናገርም

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ስሜን አልጽፍም፤ ከጻፍኩት ባሌ ይታወቃል። ገጣሚ ነው። ብዙ ሰው በቃሉ የሚይዛቸው ግጥሞች አሉት። ከተጋባን 16 ዓመታችን ነው። ስንገናኝ ማንም አያውቀውም ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፉን ከእጅ ጽሑፉ ላይ በኮምፒውተር የጻፍኩት እኔ ነኝ። የማሳተሚያው ገንዘብም ከእኔ ደመወዝ ነው የወጣው። ዛሬ አዳራሽ ይሞላለታል። መድረክ ላይ ስለ ፍቅር ሲያነብ ሰው ያለቅሳል። ቤት ሲገባ ግን ‹ራት ላቅርብልህ?› ስለው እንኳ አንገቱን ነቅንቆ ነው የሚመልስልኝ። ሴቶች ሲያገኙኝ ‹እንዴት ታድለሻል!› ይሉኛል። ፈገግ ብዬ አልፋለሁ።

ባለፈው ዓመት እናቴ በጠና ታማ እሷ ዘንድ አድር ነበር። አንድ ሌሊት ፈርቼ ረጅም መልዕክት ላክሁለት። መልስ አልሰጠኝም። ከስምንት ወር በኋላ መልዕክቴን አዲሱ መጽሐፉ ውስጥ አገኘሁት፤ ከሞላ ጎደል ቃል በቃል። ስሜ የለም። ስጠይቀው ‹ግጥም ነው እኮ፣ ስለ አንቺ አይደለም። ይልቅ ደስ ሊልሽ ይገባል› አለኝ። የ12 ዓመት ልጃችን ደግሞ አንብባው ‹እማዬ፣ አባዬ እንዲህ የሚወዳት ሴትዮ ማን ናት?› ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ።

እኔም ድሮ እጽፍ ነበር። ደብተሬ ካርቶን ውስጥ ነው። አይመታኝም፣ አይጠጣም፣ ሌላ ሴት እንዳለችውም አላውቅም። ታዲያ ምን አጎደለብኝ ብዬ ልክሰሰው? ብተወው ሰው ይፈርድብኛል፤ አንድ ትልቅ ሰው ያበላሸሁ ይመስለኛል። ብኖር ደግሞ እየጠፋሁ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ። ምን ትመክሪኛለሽ?»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ማታ ነው። ልጅሽ የጠየቀችሽ ጋ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። አንዲት ልጅ አባቷ የጻፈው ፍቅር ውስጥ እናቷን አላወቀቻትም። እናትየዋም «እኔ ነኝ» ማለት አቃታት። ከነገርሽኝ ሁሉ ሆዴን ያባባው ይሄ ነው።

መጀመሪያ «ምን አጎደለብኝ ብዬ ልክሰሰው?» ላልሽው። አይመታኝም፣ አይጠጣም፣ አይሄድብኝም ብለሽ ቆጥረሻል። ሴቶች ሲጽፉልኝ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ። ያልተደረገባቸውን ቆጥረው ሲጨርሱ የተደረገባቸውን ለመናገር ያፍራሉ። አንቺ ግን ሳታውቂው ጽፈሽዋል። እናትሽ በጠና ታማ፣ ሌሊት፣ ብቻሽን ሆነሽ ለባልሽ ጻፍሽ። አልመለሰልሽም። እንቅልፍ ወስዶት እንዳልል፣ አንብቦታል። ያውም በደንብ አንብቦታል፤ ቃሉን ይዞ እስኪያስቀር ድረስ። ሰው በዚያ ሰዓት መልዕክት የሚልከው መልስ ፈልጎ ነው። «አለሁልሽ፣ መጣሁ» ቢልሽ ይበቃሽ ነበር። ያንን ነፈገሽ። ከዚያ የአንቺኑ ፍርሃት ለማያውቁሽ ሰዎች አነበበላቸው። ያጎደለብሽ ይሄ ነው። ትንሽ ነገር አይደለም።

«የቤት ቀጋ የደጅ አልጋ» ይላሉ። ለአንቺ ቤት ግን ይህ ተረት እንኳ በደንብ አይገጥምም፤ ባልሽ እሾህ ሆኖ የሚወጋ ሰው አይደለም። ቤት ውስጥ ዝም ይላል፣ ውጭ ይናገራል። የሚናገረው ደግሞ ስለ አንቺ ነው። ይህ ከቀጋ የሚከፋበት ጊዜ አለ። ከሚወጋሽ ሰው ትሸሺያለሽ። ስለ አንቺ በሚያምር ቃል ከሚጽፍ ሰው ግን እንዴት ይሸሻል?

የአንድ ገጣሚና የሚስቱን ታሪክ ልንገርሽ። ረዘም ይላል፤ ግን ደብዳቤሽን ሳነብ ከፊቴ የተደቀነው እሱ ነው። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ቶማስ ሃርዲ የሚባለው እንግሊዛዊ ደራሲና ገጣሚ በወጣትነቱ ሕንፃ ነዳፊ ነበር። በመጋቢት 1870 አንድ ያረጀ ቤተ ክርስቲያን ለጥገና ሊያይ ወደ ኮርንዎል ሄደ። በር የከፈተችለት ኤማ ነበረች፣ የቄሱ ሚስት እህት። ኪሱ ውስጥ ጫፉ ብቅ ያለ ሰማያዊ ወረቀት አየች። የቤተ ክርስቲያኑ ፕላን መሰላት። ኋላ ሲነግራት ግጥም ሆኖ ተገኘ። ይህን የጻፈችው ራሷ ናት፣ በስተርጅና ትዝታዋን ስታሰፍር። ከዚያች ቀን ብዙ ዓመት በኋላም ወረቀቱ ሰማያዊ እንደነበር አልረሳችም።

ኤማ ያን ያልታወቀ ወጣት አምናበታለች። ነድፎ የሚያድርበትን ሥራ ትቶ እንዲጽፍ አደፋፈረችው። ረቂቆቹን በእጇ ገለበጠችለት። በ1874 ተጋቡ። እሱ ታወቀ፣ ትልቅ ቤት ሠራ፣ እንግዳው በዛ። እሷ ደግሞ እያደር ወደ ጎን ቀረች። ልጅ አልነበራቸውም። በ1890ዎቹ መጨረሻ ላይ ኤማ ከጣሪያው ሥር ወዳሉት ትንንሽ ክፍሎች ወጥታ እዚያ መኖር ጀመረች። እሱ ታች ይጽፋል፣ እሷ ላይ ትጽፋለች። አንድ ቤት፣ አንድ ደረጃ፣ ሁለት ዝምታ።

ኅዳር 27 ቀን 1912 ጠዋት ኤማ እዚያው ክፍሏ ውስጥ ሞተች። 72 ዓመት ከሞላት ገና ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ሃርዲ የሕመሟን ክብደት አላወቀም ነበር። የጠራችው የቤት ሠራተኛዋ ናት። ኤማ ከሞተች በኋላ ወረቀቶቿ ተገኙ። ስለ ባሏ ምን እንደምታስብ ለዓመታት የጻፈችበት ማስታወሻ ነበር። አነበበውና አቃጠለው። ስለ ወጣትነቷና ስለ መጀመሪያ ቀናቸው የጻፈችውን ግን አስቀረው።

ከዚያ መጻፍ ጀመረ። በ1913 መጋቢት ላይ፣ በ72 ዓመቱ፣ ወደ ኮርንዎል ተመልሶ የተገናኙባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ዞረ። ስለ እሷ የጻፋቸው ግጥሞች በ1914 ታተሙ። ከጻፈው ሁሉ ምርጡ እነሱ ናቸው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ግጥሞቹ ውስጥ ይጠራታል፤ አንቺ ይላታል። ስንት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው ያልነገራትን ይነግራታል። በጠረጴዛው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያም መጋቢት 7 ላይ አቆመው፣ በር በከፈተችለት ቀን።

እንግዲህ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ፍቅሩ ውሸት አልነበረም። ውሸት ቢሆንማ ነገሩ ቀላል ነበር፤ «አስመሳይ ነው» ብለን እናልፈው ነበር። ፍቅሩ እውነት ነበር፤ ግን ኤማ አንድ መስመር እንኳ አልሰማችም። ደረጃው እኮ አጭር ነበር። አንድ ምሽት ወጥቶ በሯን ቢያንኳኳ ኖሮ!

ሁለተኛዋን ሚስቱንም አስቢልኝ። ፍሎረንስ ትባላለች። በየካቲት 1914 አገባት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለሟቿ ሚስት የተጻፉት ግጥሞች ወጡ። በሕይወት ያለችው ቤት ውስጥ ተቀምጣ ባሏ ለሌላይቱ የጻፈውን አነበበች። እንዲህ ያለ ሰው ሴት ቢቀይርም አይቀየርም። ሁልጊዜ የሚናገረው እዚያ ላለችው ነው፣ እዚህ ላለችው አይደለም። በ1928 ሲሞት አመዱ ታላላቅ ሰዎች በሚቀበሩበት በዌስትሚኒስተር አቤይ ተቀበረ። ልቡ ተለይቶ ወጣና ኤማ መቃብር ውስጥ ገባ። ልቡን በመጨረሻ አገኘችው፣ ከሞተች ከ15 ዓመት በኋላ።

ይህን የነገርኩሽ ባልሽ ሃርዲ ነው ለማለት አይደለም። ባልሽን አላውቀውም። ግን ቁርጡን ልንገርሽ። ስለ ሰው መጻፍና ለሰው መናገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው ላይ የተካነ ሰው ሁለተኛውን ጭራሽ ላያውቅ ይችላል። ባልሽ ስሜቱ የሚመጣለት በመሀል ወረቀት ሲኖር ሊሆን ይችላል። አንቺ ፊቱ ስትቆሚ ይጠፋበታል። ይህ ያሳዝናል፤ ይገባኛልም። ነገር ግን የእሱ ችግር ነው። መማር ያለበትም እሱ ነው። የሱን ጉድለት አንቺ በዝምታሽ ስትሞዪ 16 ዓመት ሆነሽ።

አባቴ ገጣሚ አልነበረም። ግን እናቴን በሰው ፊት ማሞገስ ይወድ ነበር። እንግዳ ሲመጣ «እሷ ባትኖር እኔ ሰው አልሆንም ነበር» ይላል። እንግዳው ይደሰታል። አንድ ቀን እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እናቴ ብርጭቆ እያጠበች ቀስ ብላ «ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለችው። አባቴ ቆሞ ቀረ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ አልገባኝም። ዛሬ ደብዳቤሽን ሳነብ ገባኝ።

«ግጥም ነው እኮ፣ ስለ አንቺ አይደለም» ማለቱን ደግሞ ዝም ብዬ አላልፈውም። ትክክል አይደለም። ገጣሚ ከኑሮው ቢጽፍ አልቃወምም፤ ከየት ሊጽፍ ኖሯል? የአንቺን ሐዘን አይቶ በራሱ ቃል ቢጽፍ አንድ ነገር ነው። አንቺ የጻፍሽውን አንስቶ በራሱ ስም ማሳተም ሌላ ነው። ሳይጠይቅ!

ይህ ጉዳይ አዲስ አይደለም። ሮበርት ሎዌል የሚባል አሜሪካዊ ገጣሚ በ1970 ሚስቱን ኤልዛቤት ሃርድዊክን ትቶ እንግሊዝ አገር ከሌላ ሴት ጋር መኖር ጀመረ። ሃርድዊክ ልጃቸውን ይዛ ቀረች። ተቆጥታና አዝና ደብዳቤ ትጽፍለት ነበር። እሱ ደብዳቤዎቿን ወስዶ፣ ቃሉንም እየቀያየረ፣ ግጥም አደረጋቸው። ከመታተማቸው በፊት የቅርብ ወዳጁ ገጣሚዋ ኤልዛቤት ቢሾፕ ለመነችው። ግጥሙ ግሩም እንደሆነ አልካደችም። ግን ጥበብ ይህን ያህል ዋጋ እንደሌላት ጻፈችለት። አልሰማትም፤ በ1973 አሳተመው። በማግስቱ ዓመት መጽሐፉ የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ። ሽልማቱ ግን ቢሾፕን አላሳታትም። እኔም የማምነው እንደ እሷ ነው። ግጥሙ ማማሩ የተወሰደውን ነገር የወሳጁ አያደርገውም።

ሃርድዊክ ምን ሆነች? አልጠፋችም። ቀድሞውንም ጸሐፊ ነበረች። በ1963 ዛሬም ድረስ የሚታተም ትልቅ የመጻሕፍት መጽሔት ከመሠረቱት አንዷ እሷ ናት። ሥራዋን ቀጠለች። በ1979 የራሷን ልብ ወለድ አወጣች፣ በራሷ ቃል፣ በራሷ ስም። ሎዌል ግን በ1977 ከአውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይዞ ወደ እሷ ቤት ሲመጣ ልቡ ቀጥ ብሎ መንገድ ላይ ሞተ። ሁለቱም ወንዶች መጨረሻ ላይ ወደ ቀድሞ ሚስታቸው ነው የተመለሱት። አንዱ በልቡ፣ አንዱ በታክሲ። ሁለቱም አረፈዱ።

ባልሽ አላረፈደም። አንቺ አለሽ፣ እሱም አለ፣ የምትኖሩትም አንድ ቤት ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ዛሬውኑ ፍቺው የማልልሽ። አንድ ነገር ግን አልጠየቅሽውም። ደብዳቤሽን መላልሼ አየሁት። የጠየቅሽው ስለ መጽሐፉ ነው። ስለ ዚያች ሌሊት አልጠየቅሽውም።

ስለዚህ ጠይቂው። የመጽሐፍ ምረቃ ወይም የመድረክ ዝግጅት የሌለበት ቀን ምረጪ። ልጅሽ ትተኛ። ስልክሽ ላይ ያለውን መልዕክት ክፈቺ። መጽሐፉንም ግጥሙ ያለበት ገጽ ላይ ክፈቺው። ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጪለት። ከዚያ እንዲህ በይው፦ «ይህን የላክሁት ለአንተ ነበር። ፈርቼ ነበር። መልስ አልሰጠኸኝም። አሁን መልስልኝ።»

በቃ። ሌላ አትጨምሪ። ዘርዝረሽ 16 ዓመቱን በአንድ ምሽት አታውርጂበት፤ የሚሸሽበት በር ትከፍቺለታለሽ። በሰምና ወርቅም አትናገሪው። በእሱ ሜዳ አትጋጠሚው። ዝም ብለሽ ጠብቂ። ዝምታውን ለመሙላት አትቸኩዪ። እስከ ዛሬ ስትሞዪለት ኖረሻል። ይህን አንዱን እሱ ይሙላው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ባልሽ የቃል ሰው ነው። ሲደነግጥ የሚያምር ነገር ሊናገርሽ ይችላል። አይኑም እንባ ሊያቅር ይችላል። አንቺም ከስንት ዓመት በኋላ ስለሆነ ትቀልጪያለሽ። ደስ ይበልሽ፣ ተቀበይው፤ ነገር ግን ካሳውን በቃል ብቻ አትውሰጂ። ለእሱ ቃል ቀላል ነው። የሚከብደውን ጠይቂው። እናትሽን ሄዶ ይጠይቃት፤ አጠገቧ ተቀምጦ ይዋል። በሳምንት አንድ ሁለት ምሽት ስልኩንም ብዕሩንም አስቀምጦ ካንቺ ጋር ያውራ። ወሬው ስለ ግጥም ካልሆነ ነገር ሁሉ ይሁን፤ ስለ ሥራሽ፣ ስለ ልጅሽ ትምህርት፣ ስለ ሚያፈሰው ቧንቧ። ከእንግዲህ ደግሞ ስለ አንቺ የሚጽፈውን ከማሳተሙ በፊት ያንብብልሽ። «ይሄ አይውጣ» ካልሽው አይወጣም። ይህ ጥበብን ማፈን ነው ካለሽ አትከራከሪው። «አይውጣ» የምትዪው እኮ የአንቺን ኑሮ ነው፤ የተቀረው ዓለም በሙሉ ለብዕሩ ክፍት ነው።

ስለታተመውም መወሰን ያለብሽ አንቺ ነሽ። በሚቀጥለው እትም ይውጣ፣ ወይም ቃሉ የማን እንደሆነ ይጻፍ። በብዙ አገሮች የቅጂ መብት ሕግ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ወረቀቱ የሱ ነው፤ ቃሉ ግን የጻፈው ሰው ነው። ይህን የምነግርሽ ፍርድ ቤት እንድትሄጂ አይደለም። «የኔ ነው» ስትዪ ድምፅሽ እንዳይንቀጠቀጥ ነው። ማመስገን ደግሞ ገጣሚን አያሳንሰውም። ዊልያም ዎርድስዎርዝ ስለ ቢጫ አበቦች የጻፈው ግጥም በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው። ከግጥሙ ሁለቱ ምርጥ መስመሮች የሚስቱ የሜሪ ናቸው። ማን ነገረን? ራሱ ነው የተናገረው። ክብሩ አልጎደለም።

አሁን ደግሞ አንቺን ትንሽ ልቆጣሽ። በደብዳቤሽ ላይ አልጻፍሽውም፤ ግን ቤታችሁን ያየሁት ይመስለኛል። «አትረብሺው፣ አባዬ እየጻፈ ነው» የሚለው ድምፅ የማን ነው? ልጅሽን በጣትሽ ጫፍ አስረግጠሽ ያሳለፍሻት አንቺ ነሽ፣ አይደል? ስልክ የምታነሺለት፣ ዕዳ የምትከፍዪለት፣ ዘመድ ሲቀየም «ሥራ በዝቶበት ነው» ብለሽ የምታስታርቂለት አንቺ ከሆንሽ፣ ቤቱን መድረክ ያደረግሽለትም አንቺ ነሽ። በፍቅር ነው ያደረግሽው፤ አውቃለሁ። ኤማም ረቂቁን በፍቅር ነው የገለበጠችው። ግን አሁን አቁሚ። ልጅሽ ታንኳኳበት። ይረበሽ። የተረበሸ ግጥም ነገም ይጻፋል። አባቷን ሳታውቅ ያደገች ልጅ ግን እንደገና 12 ዓመት አይሆናትም።

«አንድ ትልቅ ሰው ያበላሸሁ ይመስለኛል» ያልሽውም አለ። ብዙ ሴቶች የሚይዛቸው ሐሳብ ነው። የገጣሚ ሚስት መከራዋ ለጥበብ የተከፈለ ዋጋ ነው ይባላል። ገጣሚው ቲ. ኤስ. ኤሊየትና ቪቪየን በ1915 ተጋቡ፤ ትዳሩ ለሁለቱም መከራ ነበር። ቪቪየን በ1922 የወጣው ታላቁ ግጥሙ ገና ረቂቅ ሳለ ታነብለት ነበር። ከሷ የመጣ መስመር ገብቶበታል። ኅዳጉ ላይ «ግሩም» ብላ የጻፈችው ዛሬም ይታያል። በ1933 ትዳሩ ማብቃቱን የሰማችው በጠበቃ ደብዳቤ ነው። በ1938 የአእምሮ ሕሙማን ወደሚቆዩበት ቤት ገባች፤ በ1947 እዚያው ሞተች። በማግስቱ ዓመት እሱ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በስተርጅናው ኤሊየት ትዳሩ ለእሷ ምንም ደስታ እንዳላመጣላት፣ ለእሱ ግን ያን ግጥም የወለደውን መንፈስ እንደሰጠው ጻፈ። ልብ በይ፤ ሒሳቡን የሠራው ራሱ ነው። ግጥሙ ለሱ፣ መከራው ለሁለቱም። እኔ ይህን ግጥም እወደዋለሁ። ግን ማንም ሴት በዚህ ዋጋ ልትገዛልኝ አልፈልግም። አንቺም አትግዢልን። እኛ አንባቢዎች ሌላ ግጥም እናገኛለን።

ሰው ይፈርዳል፤ ይፈርድ። አዳራሹ ውስጥ የሚያለቅሱት ሰዎች ሲያበቃ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ከሱ ጋር ወደ ቤት የምትሄጂው አንቺ ነሽ።

ታዲያ እስከ መቼ ልጠብቅ ትዪኝ ይሆናል። ቀን ቆርጬ አልሰጥሽም፤ ምልክት ግን ልስጥሽ። ከዚያ ምሽት በኋላ መጥቶ ራሱ ጥያቄ ከጠየቀሽ ተስፋ አለ። «ያኔ ሌሊት ማን ነበር አብሮሽ?» ብሎ ቢጠይቅሽ፣ ይህች ጥያቄ ከሁሉም ግጥሞቹ ትበልጥብኛለች። ዝም ካለሽ አንድ ጊዜ ደግሞ ሞክሪ። ሁለታችሁም የምታምኑት ሰው ወይም የትዳር አማካሪ ባለበት ሞክሪ። ግን ያን ምሽት ራሱን፣ መልዕክቱን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥሽበትን፣ ግጥም አድርጎት ካገኘሽው መልስሽን አገኘሽ ማለት ነው። ያኔ «ልሂድ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂኝ። የራስሽ የባንክ ደብተር ይኑርሽ፤ የመጽሐፉ ገቢ የት እንደሚገባ እወቂ፤ የሕግ ሰው አማክሪ፤ ሄደሽ የምታርፊበትን አስቢ። መሄድ ካለብሽ ተደላድለሽ ሂጂ።

ልጅሽን ግን እሱ እስኪመልስልሽ አታስጠብቂያት። የእሷ ጥያቄ ለአንቺ ነው የቀረበው። ብቻችሁን ስትሆኑ «ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ። ቃሉም የኔ ነው። አያትሽ ታማ ሳለች ለአባትሽ የጻፍኩት ነው» በያት። ስለ አባቷ ክፉ አትናገሪ፤ አያስፈልግም። ልትደነግጥ ትችላለች። ምናልባትም ታቅፍሽ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን እናቷ እንዲህ መጻፍ እንደምትችል ታውቃለች። እስከ ዛሬ ማንም አልነገራትም እኮ! አዳራሽ ሙሉ ሰው ያስለቀሰውን የጻፈችው እናቷ ናት።

ይሄ ለአንቺም ነው። መልዕክትሽ እንዳለ ገብቶ ግጥም የሆነው በእሱ ችሎታ ብቻ አይደለም። በዚያች ሌሊት፣ በፍርሃት መሀል፣ ሳታስቢው በደንብ ጽፈሽ ነው። የተካነ ሰው እጁን የዘረጋው ዋጋ ያለው ነገር ስላየ ነው። መውሰዱ ስህተት ነው። ማየቱ ግን ትክክል ነበር።

ያን ካርቶን ዛሬ ማታ አውርጂው። ደብተሩን አቧራውን ጠርገሽ ልጅሽ የምታየው ቦታ አስቀምጪው። መጻፊያውም አጠገቡ ይሁን። ከባልሽ ጋር ከተነጋገራችሁ በኋላ ደግሞ ጻፊልኝ። እሱ ያለውን እሰማለሁ፤ መጀመሪያ ግን አንቺ ያልሽውን ንገሪኝ።